በለቅሶው ድንኳን የሰጠሁት ድምፅ

ናዝሬት፣ ሰኞ ነሐሴ 4 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ፣

እንዴት ከረምሽ? ክረምቱስ እንዴት ያዛችሁ? ሐይቁ ሞልቶ ወደ ማሳው ወጣ የሚባለው እውነት ነው? የእማዬ ጉልበት ብርዱን ቻለው? ላሚቱስ ወለደች ወይስ አሁንም እያስጠበቀቻችሁ ነው? «አከም ጂርታ» ብዬ በአንድ ሰላምታ ብቻ እንዳላልፍሽ ሁሉንም በየተራ ጠየቅሁ፤ አንቺም በየተራ መልሺልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁ፣ ደስ ብሎኛል። የተደሰትኩበትን ስትሰሚ መጀመሪያ ትስቂያለሽ፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደምትሆኚ አላውቅም። ስለዚህ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። እማዬ ምን ትላለች ብላ ከጠየቀችሽ ደህና ነኝ ትላለች በያት፤ ውሸት አይሆንብሽም።

ወረቀቱን በፖስታ አልላክሁትም። የጎረቤቴ የከሪማ ባል መሐመድዘይን በጭነት መኪናው፣ በኤንትሬው፣ ሽንኩርት ሊጭን ወደ እናንተ ስለሚወርድ በእጅሽ ይሰጥሻል። ስትጨርሺው እሳት ውስጥ ክተቺው።

እንግዲህ ወሬዬ ይኸውልሽ፦ ድምፅ ሰጠሁ። የቀበሌውን ማለቴ አይደለም፤ ያንንማ ሰኔ ላይ እንደ ሰው ሁሉ ተሰልፌ ሰጥቻለሁ። ፀሐዩ አናቴን በስቶት፣ ማንን እንደመረጥኩ ሳላስተውል ነው የተመለስኩት። ይህኛው ሌላ ነው። ይህኛው የእኛ የራሳችን ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ አምስት ዓመት እንዳለፈው ታውቂያለሽ። ከዚያ ወዲህ የምንሰበሰበው በየቤቱ ነው። ሐሙስ ሐሙስ የእኔ ተራ ነው። አሥር ሰው ከሳሎኔ ተቀምጦ ቀስ ብሎ ሲዘምር እኔ የስፌት መኪናዬን እረግጣለሁ፤ በመንገድ የሚያልፍ ሰው የሚሰማው የመኪናዬን ጩኸት ነው። በእነዚህ አምስት ዓመታት በቁራጭ ጨርቅ ላይ በከንቱ የሰፋሁት ስፌት ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠል እናንተ ደጅ ይደርስ ነበር።

በግንቦት ከሌላ ሰፈር ሁለት ወንድሞች ተያዙብን። ያን ጊዜ የመንግሥት ሥራ ያላቸው ወንዶች ደነገጡ። ጋሽ አብተው፣ ያ የመጋዘን ሠራተኛው፣ ሲስቅ ሆዱ የሚንቀጠቀጠው ሰውዬ፣ ለጊዜው እናቁም፣ ሁሉም በየቤቱ ይጸልይ አለ። ልጆች አሉት፣ አልፈርድበትም። ወንጌላዊ ወልደአማኑኤል ደግሞ ካቆምን ተመልሰን አንጀምርም አለ። ወንጌላዊን አታውቂውም፤ ቀጭን ሰው ነው፣ መጽሐፉን በዱቄት ከረጢት ከትቶ በብስክሌት የሚዞር፣ ሁለት ጊዜ ታስሮ የወጣ። ሲያስተምር ድምፁ ከፍ አይልም፣ ሐሳቡም አይነቃነቅም። ነገሩን ሃያ አንዱም የአማኝ ቤት በአንድ ቦታ ተሰብስቦ በድምፅ ይወስን፣ የእግዚአብሔር ጉዳይ በየጓዳው መንሾካሾክ የለበትም አለ። ይህን ሲል ሁላችንም ደስ አለን።

በማግስቱ ሐሙስ ግን ሌላ ነገር ጨመረ። ሴቶች በቀበሌ ቢመርጡ የመንግሥት ግዴታ ነው፣ በእግዚአብሔር ቤት ግን ሴት ድምፅ አትሰጥም፤ የሴት ድምፅ በቤቷ ራስ ውስጥ ነው፣ ከአንድ ቤት ሁለት ድምፅ አይወጣም አለ። ጥቅሱን አንድ በአንድ ቆጠረልን። የመኪናዬን መርገጫ ሳላስበው አቁሜው ኖሮ ቤቱ ጭር አለ። ያን ጊዜ በላይነሽ፣ ያቺ ለጎረቤት ሁሉ ጠላ አልጠጣም እያለች ስትከራከር የምትኖረው ጓደኛዬ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፦

«ወንጌላዊ፣ ቀበሌ ሄደን ካልመረጥን ስኳር እንከለከላለን። እዚህ ከመረጥን ደግሞ መንግሥተ ሰማያት እንከለከላለን። ታዲያ ሴት የምትቀምሰው ምን ቀረላት?» አለችው።

እሱም ሳይቆጣ፣ ባልሽ ሲመርጥ አንቺም መርጠሻል አላት። እሷ ምን ብትል ጥሩ ነው? «የእኔ ባል ሲበላ እኔ አልጠግብም።»

ባሏ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከቤት ቤት ዞረ። ልክ ነው የሚሉ ሴቶችም ነበሩ፣ ዋሸሁ እንዳልልሽ። አንዷማ በላይነሽን መንገድ ላይ ሰላም ነሳቻት። የቀረነው ግን አንድ ነገር አደረግን፤ ማን እንዳመጣው አላስታውስም፣ እኔ ሳልሆን አልቀርም። በር መክፈት አቆምን። ስብሰባው የሚደረግበትን ቤት የምንጠርግ፣ አግዳሚ ከጎረቤት የምንዋስ፣ ከመንገዱ ላይ ሰላይ መኖር አለመኖሩን የምናይ እኛ ነና። ወንጌላዊ በዝናብ ብስክሌቱን እየገፋ ሲመጣ በላይነሽ ከውስጥ ሆና የቤቱ ራስ ሥራ ላይ ነው፣ ሲመጣ ይክፈት አለችው። ቀጥሎ ወደ እኔ መጣ። እኔም በመስኮት አየሁት፣ አልከፈትኩም። ካፖርቱ ላይ ውኃ ይንጠባጠብ ነበር። ቆሞ ቆሞ ሄደ። አሳዘነኝ፣ ግን ሳቄም መጣ።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ከረምን። በሦስተኛው ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው መከሩና ወንጌላዊ ግማሽ መንገድ መጣ። ባሏ የሞተባት ሴት የቤቷ ራስ ራሷ ናት፣ ስለዚህ ድምፅ ትሰጣለች አለ። አራቱ ባልቴቶች እልል ለማለት ትንሽ ነው የቀራቸው። በላይነሽ ግማሽ እንጀራ ነው ብላ አኮረፈች፤ ሆኖም በሯን ከፈተች።

እህቴ፣ የእኔ ጣጣ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ወንጌላዊ ቤቴ መጣ። ሁልጊዜ አንቺ ነበር የሚለኝ። ያን ቀን ወንበር ሳይስብ ቆሞ «እርስዎ» አለኝ።

«እህቴ፣ የእርስዎን ቤት በየት በኩል እንደምጽፈው አላወቅሁም። ባለቤትዎ በሕይወት ካሉ ድምፁ የእሳቸው ነው። ከሌሉ የእርስዎ ነው። የትኛው ነው?»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት የጠየቀኝ ሰው የለም። ቀበሌም አልጠየቀኝም፣ እድሩም አልጠየቀኝም፣ አንቺም አልጠየቅሽኝም። ሁሉም እንደ ጉድጓድ ዞሮት ነው የሚያልፈው። ሦስት ቀን ስጡኝ አልኩት።

ባሌ፣ ወንድምሽ፣ ከባቡር ጣቢያ ሥራው ሲገባ የቆርቆሮ በራችንን ከመግፋቱ በፊት ሁለት ጊዜ ይስል ነበር፤ ታስታውሺው እንደሆነ። የጉንፋን ሳል አይደለም፣ «መጣሁ» ማለቱ ነው። ይህንን ለማንም ነግሬ አላውቅም፦ ከተወሰደ ወዲህ ከሰዓት በኋላ የድሬዳዋው ባቡር ሲጮህ ያ ሳል ከበሩ ይሰማኛል። ዘጠኝ ዓመት። በቀን፣ በብርሃን፣ ደንበኛ ልብስ እየለካሁ ሳለሁ። መርፌውን አቆምና ወደ በሩ አያለሁ። ሰው የለም። የበሩን መወርወሪያ ግን አንድም ቀን ባቡሩ ሳያልፍ ዘግቼው አላውቅም።

በእነዚያ ሦስት ቀናት ሳሉ ከበሩ ገባ። የመጀመሪያው ቀን በረንዳው ላይ ሰማሁት። በሁለተኛው ቀን ሳሎን ውስጥ። በሦስተኛው ቀን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየዘመዘምኩ ከወንበሬ ኋላ፣ እዚህ ከትከሻዬ አጠገብ ሰማሁት። የማሽን ዘይት ሽታው ሳይቀር መጣ። አልዞርኩም። ብዞር ይሄዳል ብዬ ይሁን፣ ብዞር አገኘዋለሁ ብዬ ይሁን፣ እስካሁን አላውቅም። ዝም ብዬ ረገጥኩ፣ ረገጥኩ፤ እጅጌውን ከኪሱ ጋር አንድ ላይ ሰፍቼው ኖሯል። ባቡሩ ሲርቅ ተነሣሁና ሣጥኑን ከፈትኩ።

አሁን የምነግርሽን ሳትቆጪ ስሚኝ። በ1971 ጥቅምት ላይ «ወደ ሌላ አገር አዛውረውታል» ብዬ የጻፍኩላችሁ ጊዜ፣ የእስር ቤቱ ስንቅ ተቀባይ ሳህኑን ሳይከፍት እንደመለሰልኝ ነግሬያችሁ ነበር። ከሳህኑ ጋር የሰጠኝን ግን አልነገርኳችሁም። የባቡር ኮቱን ነበር። በሥርዓት ተጣጥፎ፣ ከላይ አንድ ቁልፍ ጎድሎት። ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ አለኝ፤ ቀጥሎ የነበረችውን ሴት ጠራ።

ያን ጊዜ እዚያ በር ላይ ማልቀስ ራሱ እንደሚያስይዝ አንቺም ታውቂያለሽ። ኮቱን ከነጠላዬ ሥር አድርጌ ወጣሁ። በማግስቱ ስንቅ ቋጥሬ እንደገና ሄድኩ። አርባ ቀን ያህል ተመላለስኩ፤ ምግቡን ከወለንጪቲ ለምትመጣ የሌላ እስረኛ እናት እሰጣት ነበር። ሐረር ነው ያልኳችሁ እኔ ነኝ፤ ማንም አልነገረኝም። አዲስ አበባ ታየ ያልኳችሁም እኔ ነኝ። እማዬ ደብዳቤውን በሰማች ቁጥር እህል ቀመሰች ብለሽ ስትጽፊልኝ፣ ታዲያ በምን አንጀቴ ልተወው? ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር አንድ ከተማ እፈልግለት ነበር። ቁልፉንም አልተካሁለትም፤ የሰው ሁሉ ቁልፍ የምተክል ሴት።

ወደ ወንጌላዊ ሄድኩና የባሌ የለቅሶ ድንኳን እኔ ግቢ ይተከል አልኩት። ለቅሶ ፈቃድ አይጠየቅበትም፤ ሃያ አንድ ቤት በአንድ ግቢ ተሰብስቦ ማንም የማይጠረጥረው ለቅሶ ላይ ብቻ ነው። ገባው። ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ ይህን እንድታደርጊ አልጠየቅሁሽም፣ ተዪው፣ ዝም ብለሽ ምረጪ፣ እኔ ለሽማግሌዎቹ እነግራለሁ አለኝ። ተመልሶ «አንቺ» አለኝ፣ አየሽ።

«የጠየቁኝ እርስዎ አይደሉም» አልኩት። «የሚጠይቀኝ ሌላ ነው።»

ሐሙስ ሐምሌ 30 እድሩ ድንኳን ተከለ። ከሪማ ገና ጠዋት ግቢዬ ገብታ ደረቷን መታች። ለእኔ ስትል መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ወንድምሽ ልጇን ታቅፎ ሐኪም ቤት ያደረሰበትን ቀን እያነሣች ነው። እኔም አለቀስኩ። መጀመሪያ ለሰው ዓይን ነበር፣ እውነቱን ልንገርሽ። ኮቱን ወንበር ላይ ዘርግቼ ፎቶግራፉን ከላዩ ሳደርግ ግን የእውነቴን ጮህኩ። ከሪማና በላይነሽ ሁለት ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ። ዘጠኝ ዓመት የታጠፈ ነገር እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። ሽጉጡ ከኮቱ ሥር ጎልቶ ይታያል። አጠገቤ ተቀመጠና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ማን አረዳሽ?» አለኝ።

ጋሽ አብተው ላቡ በግንባሩ ሲወርድ አየዋለሁ። ማን ብዬ ስም ብጠራ ያ ሰው ነገ የለም። ማንም ብል ደግሞ በሐሰት ሰው ሰበሰብሽ ልባል ነው። በጣቴ ወደ ወንበሩ አሳየሁት።

«ኮቱ ነው ያረዳኝ።»

ኮቱን አየው። ቁልፉ የጎደለበትን ቦታ ጭምር አየ። ባርኔጣውን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አኖረ። «እግዜር ያጥናሽ» አለኝ። ከዚያ እግዜር ማለቱ ትዝ ብሎት ነው መሰለኝ ግራና ቀኝ ተመለከተ፣ አንድ ጭብጥ ንፍሮ ዘግኖ ወጣ። ተመልሶም አልመጣ።

ቅዳሜ በሦስተኛው ቀን እድርተኛው አግዳሚውን መላልሶ ሲበተን የእኛ ሰዎች ብቻ ለማስተዛዘን በሚል ቀሩ። አሁን ነው የምትስቂው። ወረቀት አይነካም፤ በወረቀት ተገኘን ማለት አለቀልን ነው። ስለዚህ የተመረጠው በንፍሮ ነው። የፍልሰታ ጾም ስለገባ ጎረቤቱ ሁሉ ንፍሮዬን እየወደደ ሊጨርሰው ነበር፤ ስንዴና ሽምብራ ለይቼ ደበቅሁ። ይቀጥል የሚል ሽምብራ፣ ይቁም የሚል ስንዴ፤ አንዲቷን ፍሬ ጨብጦ በጨርቅ በተሸፈነ እንስራ ውስጥ ይጥላል። ማን ምን እንደጣለ አይታይም። ወንጌላዊ ለእያንዳንዱ ቤት ከሁለቱም አንዳንድ ፍሬ እያደለ ዞረ። እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

ይሄኔ ጋሽ አብተው ሆዬ፣ ተራውን ሲጠብቅ፣ በጭንቀት ይሁን በልማድ፣ በእጁ የያዘውን ሁለቱንም ፍሬ ወደ አፉ ወርውሮ አላመጠው። ሰው ሁሉ አፉን በነጠላ ያዘ። በላይነሽ «ጋሽ አብተው፣ ድምፅዎን ዋጡት እኮ፣ እኛ የተከለከልነውን እርስዎ ጠገቡት ወይ?» አለችው። ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ የእኔው ለቅሶ ላይ፣ እስኪያንቀኝ ሳቅሁ። ማቆም የሚፈልጉትን የሚመራ እሱ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ድምፁ ቢቀር ለእኛ ይበጃል። ወንጌላዊ ግን ሌላ ሁለት ፍሬ አምጥቶ እጁ ላይ አኖረለት። የዚህ ቤት ድምፅ አይጎድልም አለ። ሰውየውን የሚያስወድደኝም የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ቀጥ ያለ ነገር ከያዘ የሚጎዳው ራሱን ቢሆንም አይለቅም።

ተራዬ ደረሰ። ሽምብራይቱ በመዳፌ ላብ ርሳ ነበር። እንስራው ከወንበሩ አጠገብ ነው የተቀመጠው። እጄን ስሰድ የኮቱ እጅጌ ክንዴን ነካኝ። ያን ጊዜ ባቡሩ ጮኸ። ዝም ብዬ ጠበቅሁ፤ ከኋላዬ የተሰለፉት ግራ ገባቸው። ሳል የለም። ጣልኳት። ስትወድቅ ሰማኋት፣ እህቴ፤ ጠብ ስትል ሰማኋት። በሕይወቴ እኔ ያልኩት ነገር እንዲህ ጥርት ብሎ ተሰምቶኝ አያውቅም።

ሲቆጠር ሽምብራው አሥራ አንድ፣ ስንዴው አሥር። በአንዲት ፍሬ። አራቱ ባልቴቶች እያንዳንዳቸው የእኔ ናት ይላሉ፤ እኔም የእኔ ናት እላለሁ። ጋሽ አብተው ሳይናገር የመኪናዬን ክዳን ነካ ነካ አድርጎ፣ ሐሙስ እንግዲህ በደንብ እርገጪ ብሎኝ ወጣ። በሁለተኛው ዙር የትኛዋን እንደጣለ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ወንጌላዊም በመስከረም ስለ ሴቶች ጉዳይ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንደገና እንቀመጣለን ብሏል። ሐሳቤን ቀየርኩ አላለም። እንቀመጣለን ነው ያለው። በላይነሽ እስከዚያ ቃላት እየሳለች ነው። ከሪማ ደግሞ በር ላይ ሳህን እያጠበች ሁሉን አይታ ኖሯል፤ ማታ ላይ እኔንም ብትጠይቁኝ ሽምብራ ነበርኩ አለችኝ።

ደስ ብሎኛል ያልኩሽ ይህንን ነው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ብቻዬን ሳለሁ ፈገግ እላለሁ። ግን ደግሞ ትናንት ባቡሩ መጣ፣ ዛሬም መጣ፤ በሩ ጭጭ ነው። ቤቱ እንዲህ ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር። ለአንዲት ፍሬ ብዬ አባረርኩት ወይ እላለሁ። ደግሞ መለስ ብዬ፣ እሱ ራሱ ይህን ሲጠብቅ ኖሮ ይሆን እላለሁ። ዛሬ ባቡሩ ካለፈ በኋላ መወርወሪያውን ልዘጋ እጄን አነሣሁ፤ አቃተኝ፣ ተውኩት።

አሁን አደራዬን ስሚኝ። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፤ ስለዚህ ይህ መርዶ አይደለም። እንዲህ ብለሽ ያዢው። የናዝሬት ነጋዴ ሐሙስ ገበያችሁ ላይ ወሬውን እንዳያደርስባት እማዬን ከቤት አታስወጫት፤ ጉልበቷን ምክንያት አድርጊ። ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ እኔ፣ ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ጋሽ ኢተፋና በላይነሽ በመሐመድዘይን መኪና እንደርሳለን። ወንጌላዊም ልምጣ ብሎ ለምኖኛል፤ እሺ ብዬዋለሁ። ጎረቤቶቿን ሰብሰብ አድርጊ፣ አርብ ማታ እህል በደንብ ቅመሱ፣ አንቺም ጭምር። ኮቱን ይዤላት እመጣለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ከዚያ በኋላ ዝም እላለሁ። በየዓመቱ ለእሱ ብለሽ ሹራብ ሠርተሽ ትልኪልኝ ነበር፤ ትከሻው ሰፊ፣ እጅጌው ረጅም። በ1973 የገና ሰሞን የመጣው ግን በእኔ ልክ ነበር። ከዚያም ወዲህ ሁሉም በእኔ ልክ ነው የሚመጣው። «ለእሱ» የሚለውንም ቃል ከደብዳቤሽ ተውሽው። እኔ ሐረር ነው እያልኩ እጽፋለሁ፣ አንቺ ደብዳቤውን ለእማዬ ታነቢላታለሽ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁሽም። አንቺም አልጠየቅሽኝም። ቅዳሜም አንጠያየቅ።

አምላክ እማዬን ያቆይልን፣ ልቧን እሱ ይያዝላት። ጎጇችሁ አይጉደል፣ ክረምቱ በሰላም ይለፍላችሁ፣ ጥጃዋም በደህና ትምጣ።

እስከ ቅዳሜ ድረስ የወንድምሽ ሚስት፣
ከቅዳሜ በኋላ እህትሽ።